«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ጊዜ የተጭበረበረ ሰው የማያውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ይጠራጠራል። ከመኪና አደጋ የተረፈ ሰው የፍሬን ድምፅ ሲሰማ ይሳቀቃል። አጠገቡ ያለ ጓደኛው ታዲያ ፈገግ ብሎ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይለዋል። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚወረወረው እንዲህ ነው። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ማጽናኛ።

መጀመሪያ ቃላቱን እንያቸው። ልጥ ከዛፍ ላይ ተልጦ ለማሰሪያ የሚያገለግል ልጣጭ ነው። ረጅምና ቀጭን ነው። ሲደርቅ ይጠቁርና ይጠማዘዛል። ሣር መሀል ወድቆ በደብዛዛ ብርሃን ላገኘው ሰው ከእባብ ለመለየት ያስቸግራል። «በረየ» የሚለውን ዛሬ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም፤ ደነበረ፣ በርግጎ ዘለለ እንደማለት ነው። ከ«ያየ» ጋር ቤት ስለሚመታ ግን አባባሉ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ደግሞም ቀርቶ ደግ አደረገ፤ «ደነገጠ» ቢባል ኖሮ ያቺ ሳይታሰብ የምትመጣው ዝላይ ትጠፋ ነበር።

የተለመደው ፍቺ ይታወቃል። ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው፣ ያንን የሚመስል ሁሉ ያስፈራዋል። ፍቺው ስህተት የለበትም። ግን ትንሽ ያንሳል ባይ ነኝ። ሰውየው ልጥ አይቶ የፈራ ያስመስለዋልና።

እስቲ ያቺን ቅጽበት አስቧት። ሰውየው «ይሄ ልጥ ነው፣ ግን እባብ ይመስላል» ብሎ አስቦ አይደለም የዘለለው። ሲዘል ያየው እባብ ነው። ጭንቅላቱንም ጅራቱንም አይቷል። ቢጠየቅ ሲንቀሳቀስ አይቸዋለሁ ብሎ ሊምል ይችላል። ልጡ የመጣው ኋላ ነው፤ ልቡ ድው ድው እያለ ዞር ብሎ ሲያጣራ። በዚህ መካከል መሬቱ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ዓይኑ ላይ ያረፈው ብርሃንም ያው ነው። የተለወጠው አንጎሉ የሰጠው መልስ ነው።

አንጎል እንዲህ የሚቸኩለው ለምንድን ነው? ጆሴፍ ለዱ የተባለው አሜሪካዊ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የአደጋ ምልክት አንጎል ውስጥ በሁለት መንገድ እንደሚሄድ አሳይቷል። አጭሩ መንገድ ከታላመስ፣ ማለትም ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣውን መልእክት ከሚያከፋፍለው የአንጎል ክፍል፣ በቀጥታ ወደ አሚግዳላ ይወስዳል። አሚግዳላ ሰውነትን ለአደጋ የሚያነሳሳ ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ረጅሙ መንገድ መጀመሪያ በኮርቴክስ፣ በአንጎል የውጭ ሽፋን፣ በኩል ይዞራል፤ እዚያ ምስሉ በደንብ ይመረመራል። አጭሩ ፈጣን ነው፣ ግን ጥራት የለውም። «ረጅም፣ ቀጭን፣ መሬት ላይ ያለ» ከማለት ብዙም አያልፍም። ለዱ ራሱ ይህንን ሲያስረዳ የተጠቀመበት ምሳሌ ጫካ ውስጥ የሚሄድ ሰው፣ እባብና እንጨት ነው። የእኛን አባባል ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ገጽ ይተርፍለት ነበር። በሰው አንጎል ውስጥ የአጭሩ መንገድ ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ግን ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ።

ችኮላው ሒሳብ አለው። ልጥን እባብ ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው አንድ ዝላይ ይከስራል፤ ቢበዛ ይሳቅበታል። እባብን ልጥ ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው ሕይወቱን ሊከስር ይችላል። ሁለቱ ስህተቶች ዋጋቸው እኩል ካልሆነ፣ አንጎል በርካሹ በኩል ቢሳሳት ይመርጣል። በ2001 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርነ ኦማንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሙከራ፣ ሰዎች በአበቦችና በእንጉዳዮች ሥዕሎች መካከል የተቀመጠ እባብን ሲፈልጉ፣ በእባቦች መካከል የተቀመጠ አበባን ከሚፈልጉበት ፍጥነት ይልቅ ቶሎ አገኙት። ለእባብ ዓይናችን ንቁ ነው።

እዚህ ድረስ ነገሩ የፍርሃት ብቻ ይመስላል። ሳንፈራም ግን አንጎላችን በግምት ነው የሚያየው። ምክንያቱም ዓይን የሚያቀብለው መረጃ ከምናስበው በላይ የተጎዳ ነው።

ይህንን በወረቀት መሞከር ይቻላል። ነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመስቀል ምልክት፣ ከእሱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል በቀኝ በኩል ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በቀኝ ዓይናችሁ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ከክንድ ርቀት ቀስ እያደረጋችሁ አቅርቡት። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ድርግም ብሎ ይጠፋል። የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሴል የለም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ኤድም ማሪዮት ይህንን ያገኘው በ1660ዎቹ ነው። ነጥቡ መጥፋቱ ግን ለእኔ ዋናው ነገር አይደለም። የሚገርመው በቦታው የምታዩት ነው። ጥቁር ጉድጓድ አታዩም። ነጭ ወረቀት ታያላችሁ። አንጎል «ዙሪያው ነጭ ከሆነ ይሄም ነጭ ነው» ብሎ ሞልቶታል፤ ሳያስፈቅድ።

ሌላም አለ። አጥርተን የምናየው ክንዳችንን ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ጥፍር የሚያክል ቦታ ብቻ ነው። ቀሪው ብዥ ያለ ነው። ይህንን ለማካካስ ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል። በዝላዩ ጊዜ ደግሞ አንጎል የሚመጣውን ምስል ያፍነዋል። መስታወት ፊት ቆማችሁ አንዴ ግራ ዓይናችሁን አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን እዩ። ዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ ፈጽሞ አታዩትም። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን ያየዋል። በስልክ የፊት ካሜራ ከሞከራችሁት ምስሉ ትንሽ ስለሚዘገይ ልትይዙት ትችላላችሁ።

ማየት ከብርሃን በተጨማሪ ፍርድ አለበት ያለው የመጀመሪያው ሰው የዘመናችን ተመራማሪ አይደለም። ባስራ ተወልዶ ካይሮ ውስጥ የሠራው ኢብን አልሀይሰም ከ1,000 ዓመት በፊት በጻፈው የብርሃን ጥናት መጽሐፉ፣ ብዙው የምናየው ነገር በፍጥነት በሚደረግ ግምት የሚገኝ መሆኑንና ፍጥነቱ ግምቱን ከእኛ እንደሚሰውረው ጽፏል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ሐሳብ አዳበረው። አንጎል ካለፈ ልምዱ ተነስቶ፣ እኛ ሳናውቅ፣ «ይሄ ምን መሆን አለበት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል አለ። እኛ የምናየው መልሱን ነው።

ታዲያ መልሱ ስህተት መሆኑን ካወቅን ይስተካከላል? ብዙ ጊዜ አይስተካከልም። የእይታ ተመራማሪው ኤድዋርድ አደልሰን በ1995 የሠራው ሥዕል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ያሉበት ሰሌዳ አለ፤ አንድ ቋሚ ግንድ ጥላውን ጥሎበታል። ከጥላው ውጭ ያለ አንድ «ጥቁር» ካሬና ጥላው ውስጥ ያለ አንድ «ነጭ» ካሬ፣ በትክክል አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። አንጎል ግን «ጥላ ውስጥ ሆኖ ይህን ያህል ከበራ፣ በእውነቱ ነጭ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በወረቀት ሸፍናችሁ ሁለቱን ብቻ ብታዩ አንድ መሆናቸው ይታያል። ወረቀቱን ስታነሱ ተመልሰው ይለያያሉ። እያወቅን እንታለላለን። በልጥ የደነበረን ሰው «ምን ያስፈራሃል፣ ልጥ እኮ ነው» ማለት ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ዕውቀቱ የሚደርሰው ዝላዩ ካለፈ በኋላ ነው።

የአባባሉ ዘመዶች በሌሎች ሕዝቦችም አሉ። ቻይናዎች «አንድ ቀን እባብ የነከሰው፣ አሥር ዓመት የጉድጓድ ገመድ ይፈራል» ይላሉ። ዓረቦችም እባብ የነደፈው ገመድ ይፈራል የሚል አላቸው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ነው የሚባለው ሕንዳዊው ፈላስፋ ሻንካራ፣ በድንግዝግዝ እባብ መስሎ የታየን ገመድ ስለ ዓለም ምንነት ሲያስተምር ምሳሌ አድርጎታል። ቻይናዎች ሌላም ተረት አላቸው። አንድ እንግዳ በመጠጥ ዋንጫው ውስጥ ትንሽ እባብ አየ። ይሉኝታ ይዞት ጠጣው፤ ቤቱ ሄዶ ታመመ። ጋባዡ ነገሩን ሲያጣራ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀስት ዋንጫው ውስጥ ተንጸባርቆ ኖሯል። እንግዳውን ጠርቶ እዚያው ቦታ አስቀምጦ ሲያሳየው በሽታው ለቀቀው።

ከእነዚህ ሁሉ የእኛው ይበልጥብኛል። ማዳላት እንዳይመስል ምክንያቴን ልናገር። የቻይናውና የዓረቡ ሰው ተነድፏል። የእኛው ግን «ያየ» ነው የሚለው። አልተነካም። ማየቱ ብቻ በቂ ሆኗል። አንዴ ያዩት ነገር ቀጥሎ የሚታየውን ይለውጣል፤ አባባሉ ይህንን በአራት ቃል ጨርሶታል።

አንዳንዴ ማየትም አያስፈልግም፤ መስማት ይበቃል። ኪት ፔይን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ሙከራ ይህንን ይጠቁማል። ተሳታፊዎች መጀመሪያ የጥቁር ወይም የነጭ ሰው ፊት ለቅጽበት ያያሉ። ወዲያው ሽጉጥ ወይም የሥራ ዕቃ፣ ለምሳሌ ጉጠት፣ ይታያቸዋል። በጥድፊያ እንዲመልሱ ሲደረግ፣ ከጥቁር ሰው ፊት ቀጥሎ የመጣን የሥራ ዕቃ «ሽጉጥ ነው» የሚለው ስህተት ጨመረ። ለዚህ ስህተት ማንም ሽጉጥ ሊደግንባቸው አላስፈለገም። ሲወራ የሰሙት ሳይበቃቸው አልቀረም።

አባባሉን ስንቀልድበት የምንረሳው አንድ ነገር እዚህ ላይ ነው። ልጡ አንዳንዴ ሰው ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1999፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ አማዱ ዲያሎ የተባለ የ23 ዓመት ጊኒያዊ ስደተኛ በሚኖርበት ሕንፃ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲቪል የለበሱ አራት ፖሊሶች መጡበት። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የኪስ ቦርሳውን አወጣ። ፖሊሶቹ ሽጉጥ መስሎን ነው አሉ። 41 ጥይት ተኮሱ፤ 19ኙ አገኙት። በ2000 ፍርድ ቤት አራቱንም ነጻ አላቸው። «መስሎን ነው» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ለምን ሽጉጥ እንጂ ቦርሳ አልመሰላቸውም የሚለው ጥያቄ በዚያ አይዘጋም። በልጥ የሚደነብር ሰው ጠመንጃ ከያዘ፣ አባባሉ አያስቅም።

ተቃራኒው ስህተትም የራሱ አባባል አለው፤ «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ»። በ2013 ትራፍተን ድሩና ባልደረቦቹ ለ24 ራዲዮሎጂስቶች (የሕክምና ምስል አንባቢ ሐኪሞች) የሳንባ ሲቲ ስካን ምስል ሰጥተው ትንንሽ እብጠቶችን እንዲፈልጉ ጠየቋቸው። ምስሉ ውስጥ ከእብጠቶቹ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል አስገብተው ነበር። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲመረመር ካላዩት መካከል አብዛኞቹ ቀጥታ ጎሪላው ያለበትን ቦታ ተመልክተውት ነበር። አንጎላቸው እብጠት እንጂ ጎሪላ አልጠበቀም።

ወደ ደንባራው ሰውዬ እንመለስና፣ ይድናል ወይ? በከፊል። የሚፈራውን ነገር ያለ አደጋ፣ ቀስ በቀስ፣ ደጋግሞ ማግኘት ፍርሃትን በእርግጥ ይቀንሳል። ዋናው የፎቢያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ፍርሃት፣ ሕክምናም ይኸው ነው። ግን አሮጌው ትምህርት አይፋቅም። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው፣ ጠፋ የተባለ ልማድ ጥቂት ጊዜ ሲያልፍ ተመልሶ ብቅ ይላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ቡተን ደግሞ በአይጦች እንዳሳየው፣ አንድ ሣጥን ውስጥ የተወገደ ፍርሃት ወደ ሌላ ሣጥን ሲሄዱ ይመለሳል። «አትፍራ» የሚለው አዲሱ ትምህርት ከተማሩበት ቦታ ጋር ይጣበቃል፤ «ፍራ» የሚለው አሮጌው ግን የትም ይከተላል። ስለዚህ ሐኪሞች ልምምዱን በአንድ ክፍል አይወስኑትም። በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ሐኪሙ አጠገብ በሌለበትም ጭምር ያስደጋግሙታል።