ሪያሊዝምና ሊበራሊዝም በኢጣልያ ወረራ ሲመዘኑ

ሪያሊዝምና ሊበራሊዝም በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ውስጥ ረጅም ዘመን የተፎካከሩ ንድፈ ሐሳቦች ናቸው። ሁለቱም ከመንግሥታት በላይ ሆኖ የሚዳኝና የሚቀጣ ባለሥልጣን እንደሌለ ይቀበላሉ። ሪያሊስቶች ከዚህ ተነሥተው አንድ መንግሥት ለህልውናው የሚተማመነው በራሱ ጉልበትና በኃይል ሚዛን ነው፣ ውልም የሚከበረው ኃያላኑን እስከጠቀመ ድረስ ነው ይላሉ። ሊበራሎች ደግሞ ንግድ፣ የጋራ ተቋማትና ለሕዝብ ተጠሪ የሆነ አስተዳደር የመንግሥታትን ጥቅም አስተሳስረው ጦርነትን አክሳሪ ያደርጉታል ብለው ያምናሉ፤ የዚህም አስተሳሰብ አንዱ ምንጭ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም ያሳተመው ድርሰት ነው።

ክርክሩ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የሊበራሎች ተስፋ ውጤት ወደ ነበረው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰላምን ለማስጠበቅ ወደ ተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር ገባች። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ በጣና ግድብና በባቡር ሐዲድ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጀርባ ሲስማሙ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ አቤቱታቸውን ለማኅበሩ አቀረቡ፤ ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው ለማስተባበል ተገደዱ። ይህ ብዙም የማይነገር ድል ተቋማት ያለ ጦር ኃይል ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳያል።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወርር ግን ሁኔታው ተለወጠ። ማኅበሩ ኢጣልያን ጥፋተኛ አድርጎ በኅዳር ማዕቀብ ቢጥልም፣ ለወራሪው ጦር እጅግ አስፈላጊ የነበረው ነዳጅ በማዕቀቡ አልተካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን በሂትለር ላይ አጋር አድርገው ለማቆየት ይፈልጉ ነበርና። የሁለቱ አገሮች ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለኢጣልያ ለመስጠት በምስጢር ያዘጋጁት ዕቅድ ሲጋለጥ የእንግሊዝ ሕዝብ ቁጣ ሆርን ከሥልጣን አስለቀቀ። ሆኖም አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ከተናገሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሣ።

ብዙዎች ይህን የሪያሊዝም ሙሉ ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል። እንደ ጸሐፊው እምነት ግን ፍርዱ ችኮላ አለበት፤ ሪያሊዝም የኃያላኑን ዓላማ በትክክል ቢያስረዳም፣ ኢትዮጵያን አሳልፎ የመስጠቱ ስሌት በራሱ መመዘኛ እንኳ ከሽፏል፣ ሙሶሊኒ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. 1936 ከሂትለር ጋር ወግኗልና። ሊበራሊዝምም ቢሆን በሩቅ አገር ላይ የተፈጸመን ወረራ ሁሉም እንደ ራሱ ይቆጥረዋል ብሎ መገመቱ ከባድ ስሕተት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1945 የተቋቋመውና ኢትዮጵያም መሥራች አባል የሆነችበት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሁለቱን አስተሳሰቦች አጣምሮ ይዟል፦ ወረራን በሕግ ይከለክላል፣ በጸጥታው ምክር ቤት ግን ለ5 ኃያላን አገሮች ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ይሰጣል።