ጉልበቱ መረቁ ውስጥ አይደለም

በሥነ ምግብ ባለሙያነት ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ዓመታት አንዲት አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። «ሥጋውን እንኳ አልሰጠሁትም፤ መረቁን ግን በደንብ ይጠጣልኛል።» ወጣት እናቶች ይሉኛል። አያቶች ይሉኛል። የተማሩ ሰዎች፣ የጤና ባለሙያዎች ጭምር ይሉኛል።

ባለፈው ወር አንዲት እናት የ14 ወር ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ከስቷል። ምን እንደምትመግበው ጠየቅኳት። «በሳምንት ሦስት ቀን የሥጋ መረቅ እሰጠዋለሁ» አለችኝ ደስ እያላት። ሥጋውስ? «እሱንማ አባቱ ይበላዋል። ልጁን ያንቀዋል ብዬ ፈራሁ። ደግሞስ ጉልበቱ ወጥቶ መረቁ ውስጥ ገብቶ የለ?»

አልገባም። ጉልበት የምትለው ዋናው ነገር፣ ፕሮቲኑ፣ ሥጋው ውስጥ ነው ያለው። ይህቺ እናት ሥጋ ለመግዛት ከሌላ ወጪዋ ቀንሳለች። ሰዓታት ቀቅላለች። ከዚያ ዋናውን ነገር ለአባት፣ ውሃውን ለልጅ ሰጠች። ፍቅር አልጎደላትም። ያጎደልንባት እኛ ነን፤ ማንም አልነገራትም።

ድስቱ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። እንቁላል ሲጠበስ ነጩ ክፍል ምን ይሆናል? ይረጋል፣ ይጠነክራል። የሥጋ ፕሮቲንም ሙቀት ሲነካው እንደዚያው ይረጋል። ረግቶም እዚያው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ገና ውሃው ሲሞቅ ትንሽ ያፈተልካል። እሱም አረፋ ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል። አረፋውን ደግሞ በጭልፋ ገፈን እንደፋዋለን! ወደ ውሃው የሚገባው ጨው፣ ስብ፣ ጥሩ ሽታ፣ አንዳንድ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። ከአጥንትና ከጅማት ደግሞ ጀላቲን ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምሰማው ክርክር አለ። «ታዲያ መረቁ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚረጋ አላየሽም?» ይሉኛል። አይቻለሁ። ያ ጀላቲን ነው። ጀላቲን በእርግጥ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ግን ጎዶሎ ፕሮቲን ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ጡቦች ነው። ከእነዚህ ዘጠኙን ራሱ መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። ከዘጠኙ አንዱ ትሪፕቶፋን ይባላል። ጀላቲን ውስጥ ትሪፕቶፋን ጭራሽ የለም። ሌሎቹም አንዳንዶቹ በጣም ትንሽ ናቸው። በር ለጎደለው ቤት ስንት ጡብ ብትከምሩ በሩ አይመጣም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ዳርሴ የሚባል ኬሚስት ከአጥንት ጀላቲን የማውጣት ዘዴ አስፋፋ። ሾርባው በየሆስፒታሉና ለድሆች ይታደል ነበር። ርካሽ ነው፣ ሥጋን ይተካል ተባለ። በኋላ ጥርጣሬ ተነሳና የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ኮሚሽን አቋቋመ። መሪው ማዦንዲ የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። ውሾችን ጀላቲን ብቻ እየመገቡ ሞከሩ። ውሾቹ ከሱ። የኮሚሽኑ ሪፖርት በ1841 እንደ ፈረንጆች ሲወጣ ጀላቲን ብቻውን ሕይወት እንደማያቆም ተናገረ። ያ ከሆነ 180 ዓመት አልፎታል። እኛ ዛሬም ለልጅ መረቅ እንቀዳለን።

ቁጥሩን እንየው። 10 ኪሎ የሚመዝን የአንድ ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 11 ግራም ገደማ ነው። አንድ ስኒ መረቅ፣ በደንብ የፈላ እንኳ ቢሆን፣ ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ያውም አብዛኛው ያ ጎዶሎው ጀላቲን ነው። 30 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ግን 8 ግራም ያህል የተሟላ ፕሮቲን አለው። ብረትና ዚንክ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። 30 ግራም እኮ ሁለት ሦስት ጉርሻ ነው! በዚያ ላይ የልጅ ሆድ ትንሽ ናት። አንድ ብርጭቆ መረቅ ከጠጣ ለገንፎው ቦታ አይኖረውም። ጠግቦ ይተኛል፤ ተርቦ ያድጋል።

እናትየው ማነቁን መፍራቷ ግን ትክክል ነው። መፍትሔው ሥጋውን መተው ሳይሆን ማላም ነው። ጅማት የሌለበትን ሥጋ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ ከትታችሁ ውቀጡት፣ ወይም በጣም በደቃቁ ክተፉት። መረቁን አትድፉ፤ ገንፎውን አገንፉበት። የተወቀጠውን ሥጋ እዚያው ውስጥ አዋህዱት። በደንብ የደረቀ ቋንጣ ካላችሁ ፈጭታችሁ አስቀምጡት። በርበሬ የሌለበት መሆን አለበት። በየቀኑ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄቱን ገንፎ ውስጥ አብስሉ። ለምስርም ያው ነው። «የምስሩን ውሃ ሰጠሁት» አትበሉኝ። ምስሩን ራሱን አልማችሁ ስጡት።

ለበሽተኛም እንደዚሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ጠያቂ ሁሉ ፔርሙዝ ይዞ መጣ። አንዱ የበግ፣ ሌላው የዶሮ፣ ሌላው የቅልጥም መረቅ። እናቴ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ መረቅ ጠጣች። እኔ ልጇ፣ ሙያዬ ይኸው የሆነው፣ ይሉኝታ ያዘኝ። እትዬ እገሌ ከሰበታ ድረስ ተሸክመው ያመጡትን እንዴት አትጠጪው ልበል? ቁስሏ ሊድን አልቻለም፤ ክንዷ መነመነ። ቁስል የሚሽረው በፕሮቲን እንደሆነ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዛሬም ይቆጨኛል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ማታ የላመ ሥጋ በቅንጬ ጀመርኩላት። መረቁን ከምግብ በኋላ እንጂ በምግብ ፋንታ እንዳትጠጣ አደረግኩ። መረቅ ጠላት አይደለም። ምግብ ላስጠላው ሰው ያሞቃል፣ ጨውና ፈሳሽ ይሰጣል፣ አፍ ይከፍታል። ምሳ ግን አይደለም። አጥንት ስለተቀቀለበት «ካልሲየም አለው» የሚሉም አሉ። ኢምንት ነው። ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ሌሎቹ የተሳሳቱ አባባሎች።

«ፕሮቲን ማለት ሥጋ ነው፤ ጾመኛ ፕሮቲን አያገኝም።» ስህተት። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ባቄላና አተርም እዚያው ገደማ ናቸው። ሽምብራ ትንሽ ያንሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 50 ግራም ገደማ ነው። 200 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ20 ግራም በላይ ይሰጣል። 100 ግራም ምስር ሲጨመርበት ወደ 45 ደረስን። እህል ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን አለው። ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን እህሉ ያሟላል። እንጀራ በሽሮ ማለት ይኸው ነው። በአንድ ማዕድ ላይ መገናኘታቸው እንኳ ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከተበሉ ይበቃል። የሽሮ ችግር ሽሮነቱ ሳይሆን ቅጥነቱ ነው። ሁለት ማንኪያ ዱቄት ለስድስት ሰው ከተበጠበጠ፣ ያው መረቅ ሆነ ማለት ነው። ቆጮ ዋና ምግባቸው የሆነ ወገኖቻችን ግን የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው። ባቄላ፣ አይብ፣ ወተት ሊለየው አይገባም። ስለ ጓያም አንድ ቃል ልበል፤ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል።

በጾም ወቅት የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ሕፃን ልጅ አይጾምም። ብዙ ቤት ግን ዕቃው ይነካካል ተብሎ እንቁላልም ወተትም አይሠራለትም። አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ አስቀምጡለት። ይኸው ነው።

«ነፍሰ ጡር ወተትና እርጎ ከጠጣች ልጁ ላይ ይለጠፋል።» ሕፃን ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ወተት አይደለም። የሕፃኑ ቆዳ ራሱ የሚያመነጨው ቅባትና የረገፉ የቆዳ ሴሎች ናቸው። ቆዳውን ይጠብቃል። እናት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በቀን ወደ 30 ግራም ተጨማሪ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ልክ በዚያ ሰዓት ወተት እንከለክላታለን።

«ጥሬ እንቁላል ጉልበት ይሰጣል።» ከተቀቀለው ያነሰ ነው የሚሰጠው። ሰውነት ከጥሬው የሚጠቀመው ግማሹን ገደማ ነው፤ ከበሰለው ግን ከዘጠና በመቶ በላይ። ጥሬ ሥጋም በፕሮቲን አይበልጥም፤ የሚበልጠው በኮሶ ነው።

«ጂም የሚሠራ ሰው ዱቄቱን ካልጠጣ ጡንቻ አያወጣም።» ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። መድኃኒት አይደለም፣ መርዝም አይደለም። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይሰጣል። በዱቄቱ ዋጋ ስንት ቀን እንደምትበላ አስላ፣ ወንድሜ። ትርፉን ሰውነት እንደ ጎተራ አያስቀምጠውም። ያቃጥለዋል ወይም ወደ ስብ ይለውጠዋል።

«ፕሮቲን ኩላሊት ያበላሻል።» ጤነኛ ኩላሊት በተለመደው የምግብ መጠን አይበላሽም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ጎረቤታችን ጋሼ ደም ግፊት አለብህ ስለተባሉ ብቻ፣ ኩላሊታቸው ሳይመረመር፣ ከራሳቸው ባቄላና ምስር አቆሙ። ስድስት ወር እንጀራ በቲማቲም በሉ። ሲመረመሩ ኩላሊታቸው ደህና ነበር።

«ልጁ ወፍሯል፣ ፊቱ ሞልቷል።» ይህኛው ያስፈራኛል። ከተራበ ልጅ የሚጠበቀው መክሳት ስለሆነ ያበጠውን ሰው አያስተውለውም። የልጁን የእግር ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጫኑት። ጎድጉዶ ከቀረ ውፍረት አይደለም፤ እብጠት ነው። በሁለቱም እግር ላይ ከታየ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህ ከባድ የምግብ እጥረት በሽታ ክዋሺዮርኮር ይባላል። ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም በዛሬዋ ጋና ስትሠራ በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጆች የጻፈችበት ነው። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ታናሽ ሲወለድበት ከጡት የተገፋ ልጅን ሕመም ያመለክታል። እቤት ሥጋና እንቁላል እያጎረሳችሁ ላድነው አትበሉ። ሆስፒታል ሲተኛ በመጀመሪያ የሚሰጠው ወተት ሆን ተብሎ ፕሮቲኑ አነስተኛ የተደረገ ነው። የተዳከመው ሰውነት ብዙውን አይችለውምና። የሚጨመርለት በኋላ፣ እየተሻለው ሲሄድ ነው።

«ሽማግሌ ሥጋ ምን ያደርግለታል?» ጡንቻ በዕድሜ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ከወጣቱ የሚበልጥ ያስፈልጋቸዋል። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። እነሱ ግን ጥርስ የለንም ብለው ለልጅ ልጅ ያካፍላሉ። እናቴም ታደርገው ነበር። አሁን ሙቀጫዋን አወጣን። ለልጁ የማላምለትን ያህል ለእሷም አልማለሁ። ያቺ የ14 ወሩ ልጅ እናትም ትናንት ደወለችልኝ። ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ ሥጋው ሲወቀጥ ትንሽ መረቅ ጠብ ቢደረግበት ችግር አለው ወይ? የለውም አልኳት። እንዲያውም ይለሰልስልሻል።