አንቱ የሚባሉበት ቤት፦ የአረጋውያን መጦሪያና እንክብካቤ በጎንደር

መጦሪያ የምንለው ጧሪ ቀባሪ ያጡ አረጋውያን በአንድ ግቢ ተሰብስበው የሚኖሩበትን ቤት ነው። አልጋ፣ ምግብ፣ ልብስና ሕክምና ያገኙበታል። በአገራችን ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው ቢንያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት መቄዶንያ ነው። የእንዲህ ዓይነት ቤቶች ሥራ ግን በአልጋ ቁጥር ብቻ አይለካም። ሰው በገዛ ቤቱ የነበረው ክብር መጦሪያ ሲገባ አብሮት መግባት አለበት።

ጎንደር ላይ ይህ ክብር የሚጀምረው ከቃል ነው። አዲስ አበቤ «እርስዎ» የሚለውን ጎንደሬ «አንቱ» ይለዋል። ልጅ አባቱን፣ ምራት አማቷን፣ ጎረቤት ሽማግሌውን አንቱ ይላል። ስለዚህ አልጋ ላይ የዋሉ የ80 ዓመት እናትን «አንቺ፣ ተነሽና ብዪ» ብሎ መቀስቀስ፣ ምግቡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ስድብ ነው። ሁሉንም በጅምላ «ማዘር»፣ «ፋዘር» ማለትም ብዙ አይሻልም። በዕድሜያቸው ሙሉ መሪጌታ ሲባሉ የኖሩ ሰው መጦሪያ ቢገቡም መሪጌታ ናቸው። ሐጂም ሐጂ ናቸው፣ እማሆይም እማሆይ። አልጋው ራስጌ ላይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስምና ማዕረግ ቢጻፍ የሚያስወጣው አንድ ወረቀት ነው።

መጦሪያ የሚባል ቤት ከመምጣቱ በፊት ጎንደር አረጋውያኗን የምትይዝበት የራሷ መንገድ ነበራት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ (በጎርጎርሳውያን 1636) ከቆረቆሯት ጀምሮ ከተማዋ ያደገችው በአድባራት ዙሪያ ነው፤ «አርባ አራቱ ታቦት» የሚባለውም ለዚህ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት እናት ቆብ ጭና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ባለች ትንሽ ጎጆ ትኖራለች። ማኅበርተኛው የሰንበቴውን ዳቦና ጠላ ያቃምሳታል። በአዲስ ዓለም ባለው ጥንታዊ የሙስሊም ሰፈር ደግሞ ዘካውና ሰደቃው ለአቅመ ደካማው ይደርሳል። እድሩ ቀብሩን ይሸፍናል። ይህን ሁሉ አሳምሬ መናገር አልፈልግም። በደጀ ሰላም ያረጁ ብዙ ሰዎች በብርድና በረሃብ ነው ያለፉት። ነገር ግን ማንነታቸው አልጠፋም ነበር፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ስማቸውን ያውቃል፣ በበዓል ምርቃታቸውን ይሻል።

አሁን ሰዎች ወደ መጦሪያ የሚገቡት ለምንድን ነው? «ልጆቹ ጨካኝ ስለሆኑ» የሚለው መልስ ይቀለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን እውነት አይደለም። ልጅ አዲስ አበባ ወይም አረብ አገር ሄዷል። የሚልከው ገንዘብ ሽንት ቤት ደግፎ አይወስድም። ልጅ የሞተባቸውም አሉ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ክፉኛ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ጎንደር ነበረች፤ ያኔ የ18 እና የ20 ዓመት ልጃቸውን የቀበሩ፣ አንዳንዶቹም ለመቅበር እንኳ ያልታደሉ እናቶች፣ ዛሬ በሕይወት ያሉት ዘጠና ዓመትን ተጠግተዋል ወይም አልፈዋል። ጧሪያቸው ያ ልጅ ነበር። ከዚህ ላይ የጡረታ ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ የጡረታ ዋስትና ያገኘው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ሲያርስ፣ ሲሸምን፣ ጠላ ስትሸጥ፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስትቸረችር ያረጀው ሕዝብ የጡረታ ደብተር የለውም።

ሕጉ ዝም አላለም። በቤተሰብ ሕጋችን ልጅ የተቸገረ ወላጁን ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአረጋውያን መርሖች ሰነድ ደግሞ 18 ነጥቦች አሉት፤ በአምስት ርእስ ተከፍለዋል፣ የመጨረሻው ርእስ ክብር ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 የሚከበረው የአረጋውያን ቀንም የዓለም አቀፍ ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ሥራው ያለው ግን ጓዳ ውስጥ ነው።

ስለ ማጠብ ልናገር። አያቴን በመጨረሻ ዓመቷ የምታጥባት የአጎቴ ሚስት ነበረች። ውኃውን ከሰል ላይ ለብ ታደርጋለች። በሩን ትዘጋለች። ነጠላውን በጭኗ ላይ ትጥልላትና አንድ ክንድ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ትሸፍናለች፤ ከዚያ ወደ ሌላው ክንድ። «አሁን ጀርባዎን ላጥብዎ ነው እማዬ» ሳትል እጇን አታሳርፍም። በመጨረሻ ተረከዟን ቅባት ታሸዋለች። አያቴም «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ብላ ትመርቃታለች። ከዓመታት በኋላ አንድ መጦሪያ ሄጄ እናቶች በሩ ክፍት በሆነ ክፍል ተራ ይዘው፣ ልብሳቸውን አውልቀው ሲጠብቁ አየሁ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሦስት ሠራተኛ ለብዙ ሰው ነበርና ቸኩለው ነው። ያን ቀን ግን የእናቶቹ ዓይን መሬት መሬት ያይ ነበር። እስካሁን አልረሳሁትም። መጋረጃ ስንት ያወጣል?

በእርግጥ ጎንደር ላይ ውኃ ራሱ ጣጣ ነው። ከተማዋን ለዓመታት ያጠጣት የአንገረብ ግድብ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር እኩል አልሄደም፤ ቧንቧው በተራ ይመጣል፣ ጀሪካን ይሰለፋል። ዳይፐርና አንሶላ በየቀኑ ለሚቀየርበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሩ መጦሪያ ከአልጋ በፊት ሮቶ ይገዛል። ሽንት ቤቱም ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ለታመመ ጉልበት ፈተና ነው፤ መቀመጫ ያለውና ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ የተገጠመለት ይሻላል። አለበለዚያ አረጋዊው ላለመቸገር ውኃ መጠጣት ያቆማል። ያኔ የሰውነት ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይከተላል፤ ግራ መጋባትም ያመጣል፣ እኛም «ጃጁ» ብለን እናልፋለን።

አልጋ ላይ የቀረ ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። ሌሊትም ጭምር። ካልሆነ ተረከዙ፣ ዳሌውና የወገቡ ታች ይቆስላል፤ ያ ቁስል በቶሎ አይድንም። በዚህ ጎንደር ዕድለኛ ናት። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነርሶችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ሆስፒታሉም የዓይን ሕክምና አለው። የዓይን ሞራ ያለባቸው ስንት አረጋውያን «እርጅና ነው» ተብለው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና ማየት ሲችሉ።

ምግቡ ላይ ሙያ ይጠይቃል። ጥርስ የሌለው ሰው ጥሬ ሥጋና ቆሎ አይሆነውም፤ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ለስለስ ያለ ፍትፍት ይሻለዋል። ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ጾም ነው። እማሆይ ታመዋል፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጾሙን ግን አልፈታም ይላሉ። አንዳንድ ሠራተኛ በቅንነት ወተቱን ከአጥሚቱ ጋር ደብቆ ይሰጣል። ይህ ትክክል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፤ የንስሐ አባታቸውን መጥራት ነው። እሳቸው ሲፈቱላቸው እማሆይ በሰላም ይጠጣሉ። ለሙስሊሙም እንዲሁ ነው፤ መጾም ያቃተው አዛውንት በየቀኑ አንድ ችግረኛ በማብላት ይተካል፣ ውኃ መንካት የማይችለውም በተየሙም፣ ማለትም በውኃ ፋንታ በንጹሕ አፈር ነጽቶ፣ ይሰግዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ጋ ደግሞ ክርክር አይሠራም። የልጃቸውን ስም የረሱ አባት «ብፁዕ ብእሲ» ብለህ ስትጀምርላቸው ዳዊቱን ይዘው ይሄዳሉ። በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው። ቡና ሲፈላም ሽታው ያነቃቸዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ አብሮ መቀመጥ ከብዙ ማስታገሻ ይበልጣል።

ጎብኚን በተመለከተ፣ በዓል ሲደርስ ሰንጋ ይታረዳል፣ ግቢው በሰው ይሞላል። በማግስቱ ማንም የለም። እየጎረሱ እያሉ ቪዲዮ ተቀርጸው ቲክቶክ ላይ የወጡ እናት ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አለ? የዘመድ ወጉ እኮ ይታወቃል። ጫማ አውልቆ መግባት፣ ጉልበት ስሞ መቀመጥ፣ ምርቃት መቀበል። ካሜራው ካልቀረ ይጠየቁ፤ እምቢ ካሉም ይቅር። በአዘቦት ማክሰኞ አንድ ሰዓት አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው የበለጠ ይጠቅማል።

ተንከባካቢዎቹንም አንርሳ። ወገባቸው የሚጎዳው ሰው በማንሳት ነው። ደሞዛቸው ትንሽ ነው። ሌሊት የሚያድሩት ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ናቸው። እነሱ ካልተከበሩ አክብሮቱን ከየት ያመጡታል?

በመጦሪያ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ማን ይቀብረኛል?» ነው። የመቀነቷን ጫፍ ለተዝካሯ ቋጥራ የያዘች እናት ብዙ ናት። አስቦ የሚሠራ ቤት ከሰፈሩ እድር ጋር ይስማማል፣ ፍትሐቱን ወይም ሰላተል ጀናዛውን ቀድሞ ይነጋገራል። ሰው ሲያርፍም አስከሬኑን በሌሊት በጓሮ በር አያወጣም። ለአልጋ ጎረቤቶቹ ይነገራቸዋል። መሄድ የሚችሉት መቋሚያቸውን ይዘው ቀብር ይሄዳሉ። የማይችሉት ግቢው ውስጥ ጋቢያቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ ስለ ሟቹ ያወራሉ።