ልባችሁን እንጂ ልብሳችሁን አትቅደዱ

የዘንድሮውን ስቅለት አልፈን ትንሣኤውን ብናከብርም አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። በስግደቱ መካከል ስልክ ደግነው ራሳቸውን የሚቀርጹ ምእመናንን አየሁ። ካሜራው ሲከፈት ይጮኻሉ፣ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ሲዘጋ ፊታቸውን ጠርገው ምስሉን ይመለከታሉ። ልቅሶው በየስልካችን ሲደርሰን «እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው!» ያልን እኛም ከጥፋቱ አለንበት።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጌታ በተያዘበት በዚያ ሌሊት ለእግዚአብሔር ስም ከሁሉ በላይ የተቆረቆረ የሚመስለው ማን ነበር? ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ ነው። በሸንጎው ፊት ልብሱን ቀድዶ «ተሳድቦአል» አለ። ሊቀ ካህናት ልብሱን እንዳይቀድድ ግን በዘሌዋውያን 21፥10 ታዝዟል። ለሕጉ የቀና መስሎ ሕጉን ሻረ፤ ልብሱ ሲቀደድ ልቡ እንደ ደነደነ ቀረ። ነቢዩ ኢዮኤል «ልባችሁን እንጂ ልብሳችሁን አትቅደዱ» ብሎ የጮኸው ለእንዲህ ያለው ነበር።

በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጴጥሮስ አለ። ይህን ቁጥር እንዴት እንደምወደው! «ወደ ውጭም ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ።» ወጥቶ! በግቢው ውስጥ እሳት ይሞቁ የነበሩት ሎሌዎች እንባውን አላዩም። የካደው በሁሉ ፊት ነበር፤ ያለቀሰው ግን ለብቻው ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላብጦ ኃጢአታችን በስውር፣ እንባችን በአደባባይ ሆኗል።

ጮኾ ያለቀሰ ሁሉ አስመሳይ ነው ማለቴ አይደለም። ኀዘን የሰበራት እናት በሥዕለ አድኅኖ ፊት ብትጮኽ ማን ይፈርድባታል? ካህኑ ዔሊ እንኳ እያለቀሰች ትጸልይ የነበረችውን ሐናን ሰክራለች ብሎ ተሳስቷል።

ቀኑን ሙሉ ሰግዳችሁ አንዲት እንባ ጠብ ያላለላችሁ፣ «ልቤ ደንድኖ ይሆን?» ብላችሁ የተጨነቃችሁ ወገኖቼ፣ አትሸማቀቁ። የዛለ ጉልበታችሁን፣ በጾም የደረቀ ከንፈራችሁን፣ በድካም ያላችሁትን «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) ጌታ ያውቀዋል። እርሱ ከትንሣኤው በኋላ ጴጥሮስን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲያገኘው ስለ ልቅሶው አላነሣበትም። «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው።

ያን ቪዲዮ ያሰራጫችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ግን ዛሬውኑ አጥፉት። አሁን ከትንሣኤ በኋላ ያለው የሃምሳ ቀን በዓል፣ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾምና ስግደት የለም፣ የንስሐ በር ግን አልተዘጋም። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱና ለካሜራው ያልነገራችሁትን ለእርሳቸው ንገሯቸው።