በሰፈር ውስጥ ፍጥነትና አቋራጭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈር ነዋሪዎች ስለ ተሽከርካሪ ለቀበሌ አቤት ሲሉ፣ አቤቱታው ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን አንድ አድርጎ ያቀርባል። አንዱ ከልክ ያለፈ ፍጥነት ነው። ሌላው በሰፈሩ ምንም ጉዳይ የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ከዋናው መንገድ ወጥተው ሰፈሩን አቋራጭ ማድረጋቸው ነው። ሁለቱ አንድ መንገድ ላይ ሊገናኙ ቢችሉም መፍትሔያቸው ይለያያል፤ የትኛው እንዳለ ሳይታወቅ የሚወሰድ እርምጃ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሕፃናትን አይጠብቅም። ስለዚህ ከነዋሪውም ከሹፌሩም ደጋግመው የሚሰሙትን አመለካከቶች አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው።

«በእኛ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ ይበራል።»

ጆሮም ዓይንም ፍጥነትን በትክክል አይመዝኑም። ባጃጅ ድምፁ ስለሚጮህ ከፍጥነቱ በላይ የሚሮጥ ይመስላል፤ አዲስ አውቶሞቢል ግን ድምፁ ሳይሰማ እጅግ ፈጥኖ ሊያልፍ ይችላል። እርግጡን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ባለው የመንገዱ ክፍል 50 ሜትር በሜትር ተለክቶ ሁለቱ ጫፎች በኖራ ይሰመራሉ፤ ተሽከርካሪው ከመጀመሪያው መስመር እስከ ሁለተኛው የፈጀው ጊዜ በስልክ ሰዓት ይያዛል። 180ን በሰከንዶቹ ቁጥር ማካፈል ፍጥነቱን በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሰጣል፦ 6 ሰከንድ 30፣ 4.5 ሰከንድ 40፣ 3.6 ሰከንድ 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለካዩ ሹፌሮች በማያዩት ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ካዩት ይቀንሳሉና።

የሚለካበት ሰዓትም ውጤቱን ይወስናል። ከተማው በቀትር ሙቀት ጥላ ፈልጎ ባረፈበት ሰዓት የተወሰደ ልኬት መንገዱን ሰላማዊ ያስመስለዋል። ተማሪዎች የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት፣ የገበያ ሰዓት፣ እንዲሁም ከአወዳይ በኩል ጫት ጭነው ትኩስነቱ ሳያልፍ ለመድረስ የሚጣደፉ መኪኖች የሚያልፉበት ሰዓት ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው።

«አማካዩ ፍጥነት ደህና ከሆነ ችግር የለም።»

አማካይ ቁጥር አደገኛውን ሹፌር ይሸፍነዋል። የመንገድ መሐንዲሶች የ100 ተሽከርካሪዎችን ፍጥነት ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ደርድረው 85ኛውን የሚመለከቱት፣ ከብዙኃኑ በላይ የሚሮጡት ከየት እንደሚጀምሩ ስለሚያሳይ ነው። ይህ ቁጥር መንገዱን ለመመርመር ይረዳል፤ ሆኖም «ብዙው ሰው በዚህ ስለሚነዳ ወሰኑ ይኸው ይሁን» ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ሕፃናት በሚጫወቱበት ሰፈር የፍጥነት ወሰን መነሻው የሹፌሮች ልማድ ሳይሆን የሰው አካል የሚችለው ነው።

«በ30 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል አይደለም።»

ከሁሉም አመለካከት ጎጂው ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቅን የሆነ ሹፌር ሳይቀር ያምነዋል። ሹፌር አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ በዚያ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ሄዶ፣ በደረቅ አስፋልትና በጤነኛ ፍሬን ከሌላ 5 ሜትር በኋላ ይቆማል፤ በድምሩ 13 ሜትር ገደማ ነው። በ50 የሚነዳው ግን ያን አንድ ሰከንድ ብቻ ሲጨርስ 14 ሜትር ሊሞላ ተቃርቧል። የመጀመሪያው በቆመበት ቦታ ሁለተኛው ፍሬን እንኳ አልያዘም፣ ከፊቱ ያለውን ልጅ የሚመታውም በሙሉ ፍጥነቱ ነው። የግጭቱ ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በ50 የሚመታ መኪና የተሸከመው ጉልበት በ30 ካለው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የገዳይ አደጋ ዕድል 4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ያስረዳል። በ2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ ሚኒስትሮችም እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ጠይቀዋል።

ትርፉስ ምን ያህል ነው? 400 ሜትር ርዝመት ባለው የሰፈር መንገድ በ30 ፋንታ በ50 የሚነዳ ሰው የሚያተርፈው 19 ሰከንድ ነው።

«ብሬከር ከተሠራ ነገሩ ያልቃል።»

ብዙ ሰፈር ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሲሚንቶና ድንጋይ አምጥቶ በራሱ ብሬከር፣ ማለትም ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታ ይሠራል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፣ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በጥናት የተዘጋጀው የታወቀ የጉብታ ቅርጽ በመንገዱ አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቁመቱ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነና ቀስ ብሎ ከፍ ብሎ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው። ጠባብና ሹል ሆኖ የተሠራው ግን በዝግታ የሚሄደውን ባጃጅ ተሳፋሪ፣ ነፍሰ ጡርንና ሕመምተኛን ያንገጫግጫል፤ ቀለም ካልተቀባና በሌሊት ካልታየ ራሱ አደጋ ይሆናል። አንድ ጉብታ ብቻውን ከሆነ ሹፌሩ እሱን ካለፈ በኋላ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ነዳጅ ይረግጣል፤ ስለዚህ በመንገዱ ርዝመት 100 ሜትር ገደማ እየተራራቁ በተከታታይ መሠራት አለባቸው።

በድሬዳዋ ደግሞ የውኃው ጉዳይ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከደጋው የሚወርደው ውኃ በየመንገዱም እንደሚሄድ የከተማው ነዋሪ ያውቀዋል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተደፈነ ጉብታ ውኃውን ወደ ቤት ደጃፍ ይመልሰዋል። ለውኃ ማለፊያ ጎኑ ክፍት ከተተወ ሞተር ሳይክሉ በዚያው ይሾልካል። ክፍተቱ ምን ያህል ይሁን፣ የት ይሁን የሚለው የባለሙያ ሥራ በመሆኑ፣ ነዋሪው ልኬቱን ይዞ አስተዳደሩን ቢጠይቅ ራሱ ከሚገነባ ይሻላል።

«የሚያቋርጡት ሁሉ የሌላ ሰፈር ሰዎች ናቸው።»

ይህም ይለካል። በመንገዱ ሁለት ጫፎች ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ የታርጋ የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮችና ያለፈበትን ደቂቃ ይመዘግባሉ። በአንዱ ጫፍ ገብቶ ለመንገዱ ርዝመት በሚበቃ ጊዜ ብቻ በሌላው ጫፍ የወጣ አቋራጭ ነው፤ ቆይቶ የወጣ ወይም ጭራሽ ያልወጣ በሰፈሩ ጉዳይ ያለው ነው። መዝገቡ ሲነበብ የሚሮጠው ሰው የጎረቤት ልጅ ወይም የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ አቋራጭን መዝጋት ምንም አይጠቅምም፣ ጠቃሚው የሽማግሌዎች ንግግር ነው።

«ሰው አልሞተበትም፤ ስለዚህ አስጊ አይደለም።»

በአንድ ጎዳና ላይ ሞት አልፎ አልፎ የሚደርስ በመሆኑ አለመድረሱ ብዙ አይነግረንም። ለጥቂት የተረፉ ሰዎች፣ የተገጩ ፍየሎችና ወላጅ ከቤት እንዳይወጡ የከለከላቸው ልጆች በፖሊስ መዝገብ አይገኙም፤ ነዋሪው በቀንና በሰዓት ቢጽፋቸው ግን አቤቱታው ክብደት ያገኛል።

«መንገዱን በድንጋይ መዝጋት ነው።»

የሕዝብ መንገድ በነዋሪ ውሳኔ አይዘጋም፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪናም ያልፉበታል። ከዚህም በላይ የከተማው አቀማመጥ አይፈቅድም። ከዚራ ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም. በኋላ በቀጥታና በተገናኙ ጎዳናዎች የተቀየሰ ሰፈር ስለሆነ፣ አንዱ ጎዳና ሲዘጋ መኪናው ወደ ቀጣዩ ይዞራል፤ ችግሩ ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ አይቀንስም። ከዚራንና መጋላ የተባለውን ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ የሚታለፈው በጥቂት ቦታዎች በመሆኑ፣ እነዚያ ሲጨናነቁ ሹፌሩ ወደ ማሻገሪያው የሚያደርሰውን የውስጥ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ የታርጋው መዝገብ አቋራጭ መብዛቱን ካሳየ፣ ለአስተዳደሩ የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ራስ ጎዳና ብቻ መሆን የለበትም፤ ዋናው መንገድ የት ላይ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ መጋጠሚያው ላይ የትራፊክ ፖሊስ መኖር አለመኖሩን፣ መንገዱን ያጠበበው የቆመ ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና መሆኑን ጨምሮ መግለጽ አለበት።