የፍላጎት አስተዳደር ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ ሻጩ «ቆጥቡ» የሚለው ለምንድን ነው?

በሜሪላንድ ግዛት፣ በተለይም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ፣ በየወሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሂሳብ በጥሞና የሚያነብ ሰው ከኃይሉና ከማከፋፈያው ዋጋ ሌላ «ኤምፓወር ሜሪላንድ» የሚል ክፍያ ያገኛል። ይህ ክፍያ ለተበላ ኤሌክትሪክ የሚከፈል አይደለም። አቅራቢው ኩባንያ ገንዘቡን የሚያውለው ደንበኞቹ አነስተኛ ኃይል የሚወስድ ፍሪጅ ሲገዙ ከዋጋው ከፊሉን ለመመለስ፣ የቤታቸውን ጣሪያና ግድግዳ ሙቀት በሚይዝ ነገር ሲያስለብሱ ለመደጎም፣ የትኛው ዕቃቸው ኃይል እንደሚያባክን የሚመረምር ባለሙያ ቤታቸው ድረስ ለመላክ ነው። ነጋዴ ደንበኛው ዕቃውን እንዳይገዛው ገንዘብ ያወጣል ማለት ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ገንዘቡም ከራሱ ከደንበኛው ኪስ የሚወጣ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል።

የፍላጎት አስተዳደር፣ ባለሙያዎቹ «ዲማንድ ሳይድ ማኔጅመንት» የሚሉት፣ የኤሌክትሪክ አቅራቢ ድርጅት ኃይል ማመንጫ በመጨመር ፈንታ የደንበኞቹን አጠቃቀም በመለወጥ አቅርቦትንና ፍላጎትን የሚያመጣጥንበት አሠራር ነው። በውስጡ ብዙ ጊዜ የሚቀላቀሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ያንኑ አገልግሎት፣ ማለትም ያንኑ ብርሃን፣ ያንኑ ሙቀት፣ ያንኑ የታጠበ ልብስ፣ ባነሰ ኃይል ማግኘት ነው። ሁለተኛው ጠቅላላ ፍጆታውን ሳይነካ ሰዓቱን ብቻ ማዘዋወር፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ከሚጠቀምበት ሰዓት ወደ ሌላ ሰዓት መግፋት ነው። በመጀመሪያው የሚድነው በዓመት ውስጥ የሚፈጀው ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ በሁለተኛው የሚድነው በጥቂት የጭንቅ ሰዓታት ብቻ የሚያስፈልገው የማመንጨት አቅም ነው።

የአሠራሩ ምንጭ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የአሜሪካ ኩባንያዎች ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ብዙ በተሸጠ ቁጥር ትላልቅ ማመንጫዎች ይሠራሉ፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ስለዚህም ማስታወቂያቸው ሁሉ ሰው ቤቱን በኤሌክትሪክ ዕቃ እንዲሞላ የሚገፋፋ ነበር። ነዳጅ ሲወደድና የማመንጫ ግንባታ ዋጋ ሲያሻቅብ ይህ ስሌት ፈረሰ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1978 ባወጣው ሕግ ትላልቅ አቅራቢዎች ለመኖሪያ ቤት ደንበኞቻቸው የቤት ኃይል ምርመራ እንዲያቀርቡ አስገደደ። የአሠራሩን ስም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው በኤሌክትሪክ ኃይል ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ክላርክ ጌሊንግስ ነው።

ኤሌክትሪክን እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አስገብቶ ማቆየት አስቸጋሪ ነው። ባትሪዎች እየተስፋፉ ቢሆንም አብዛኛው ኃይል ዛሬም በሚመነጭበት ቅጽበት ጥቅም ላይ መዋል አለበት፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ መረቡ የሚገነባው ለአማካዩ ቀን ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ ከሁሉም ለከፋው ሰዓት ነው። በሜሪላንድ ይህ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በበጋው ሙቀት ከሰዓት በኋላ፣ የየቤቱ ኤር ኮንዲሽነር በአንድ ጊዜ ሲያጉረመርም ነው። ለዚያ ሰዓት ተብለው የተሠሩ ማመንጫዎች የቀረውን ዓመት ሥራ ፈተው ይቆማሉ፤ ዋጋቸው ግን የሚከፈለው ዓመቱን ሙሉ ነው።

ይህ ወጪ ምን ያህል እንደሆነ በቅርቡ በግልጽ ታይቷል። ሜሪላንድን ጨምሮ 13 ግዛቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚያዳርሰውን መረብ የሚያስተዳድረው ፒጄኤም፣ ማመንጫዎች ለጭንቅ ቀን ዝግጁ ሆነው እንዲቆዩ የሚከፈላቸውን ዋጋ በጨረታ ይወስናል። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጨረታ ዋጋው ለአንድ ሜጋ ዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ፤ በባልቲሞር አካባቢ ደግሞ ከዚያም በላይ 466.35 ዶላር ሆነ። አሮጌ ማመንጫዎች መዘጋታቸውና የኮምፒውተር መረጃ ማዕከላት ፍላጎት መጨመሩ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። እንዲህ ባለ ገበያ በጭንቅ ሰዓት ያልተፈለገ አንድ ሜጋ ዋት ከተመነጨ አንድ ሜጋ ዋት እኩል ዋጋ አለው፤ አዲስ ማመንጫ ለመትከል ግን ዓመታት ሲፈጅ ደንበኞችን ለማግባባት ወራት ሊበቁ ይችላሉ።

ይህ ለመረቡ ጥቅም ነው። ኩባንያው ግን የራሱ ሂሳብ አለው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ስለዚህ ጉዳይ ከሚጻፈው አብዛኛው የሚያልፈው ይህንን ነው። ባለአክሲዮኖች ያሉት አቅራቢ ድርጅት በተለመደው ሥርዓት ትርፍ የሚያገኘው በግንባታ ላይ ካዋለው ካፒታል ነው፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚያ ካፒታል ላይ የተወሰነ የትርፍ መጠን ይፈቅድለታል። የምሰሶው፣ የሽቦው፣ የትራንስፎርመሩ ቋሚ ወጪ ደግሞ የሚሰበሰበው በአብዛኛው በተሸጠው በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ተከፋፍሎ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ሲቆጥብ ኩባንያው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ቋሚ ወጪውን የሚሸፍንበት ገቢ ይጎድለዋል፣ ወደፊት ትርፍ ሊያገኝበት የሚችለው ግንባታም ይቀርበታል። ይህ ሥርዓት ሳይለወጥ «ቆጥቡ» የሚል ኩባንያ ከልቡ ነው ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

መፍትሔው ገቢን ከሽያጭ መጠን መነጠል ሆነ። ካሊፎርኒያ በ1982 በኤሌክትሪክ ኩባንያዎቿ ላይ በሥራ ላይ አዋለችው፤ በ1990ዎቹ ገበያውን ለውድድር ስትከፍት ተወችው፤ ከ2000 እና ከ2001ዱ የኃይል ቀውስ በኋላ መልሳ አመጣችው። በሜሪላንድ ፔፕኮ የተባለው የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ከ2007 ጀምሮ ይሠራበታል። ለምሳሌ ያህል ተቆጣጣሪው ኮሚሽን አንድ አከፋፋይ 100 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰበስብ ፈቅዶለት ደንበኞች በመቆጠባቸው 98 ሚሊዮን ብቻ ቢያገኝ፣ የጎደለው 2 ሚሊዮን በሚቀጥሉት ወራት በሁሉም ሂሳብ ላይ በሳንቲም ተበትኖ ይጨመራል፤ 102 ሚሊዮን ቢሰበስብ ደግሞ ትርፉ በዚያው መንገድ ለደንበኞች ይመለሳል። ኩባንያው ብዙ ቢሸጥም ትንሽ ቢሸጥም ገቢው አይነቃነቅም፤ ስለዚህ የቁጠባን ፕሮግራም ለማደናቀፍ የሚገፋፋው ምክንያት ይቀንሳል።

ይህ ዘዴ ነቀፌታም አለበት። የቆጠበው ደንበኛ ከቆጠበው ከፊሉን በዋጋ ጭማሪ መልሶ ይከፍላል፤ ያልቆጠበው ጎረቤቱ ደግሞ ጭማሪውን ያለ ጥቅም ይሸከማል። ከዚህ የባሰውም ታይቷል፦ በማዕበል ምክንያት ኃይል ለቀናት ሲቋረጥ የሚቀንሰው ሽያጭም «ጉድለት» ሆኖ ሊቆጠር ይችል ነበር። የሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በ2012 በዚህ ላይ ገደብ ያደረገው መብራት የጠፋበት ሰው ላልተሸጠለት ኃይል እንዳይከፍል ነው። ቨርሞንት በ2000 ሌላ መንገድ መረጠች፤ የቁጠባን ሥራ ከሻጮቹ ወስዳ ይህንኑ ብቻ ለሚሠራ ራሱን ለቻለ ድርጅት ሰጠች። የዋሽንግተን ከተማም በ2008 ባወጣችው ሕግ ተመሳሳይ ተቋም አቋቁማለች።

ሜሪላንድ ግን ሥራውን ለኩባንያዎቹ ትታ ግብ አስቀመጠችላቸው። የ2008ቱ ሕግ የግዛቱ የነፍስ ወከፍ የኤሌክትሪክ ፍጆታም ሆነ በጭንቅ ሰዓት የሚፈለገው ኃይል እስከ 2015 ድረስ ከ2007ቱ መጠን በ15 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። በ2017 የወጣው ሕግ ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ከሽያጫቸው 2 በመቶ የሚያህል ቁጠባ እንዲያስገኙ አደረገ፤ በ2024 ደግሞ መለኪያው የበካይ ጋዝ ቅነሳ ሆነ።

ኩባንያዎቹ ደንበኛውን የሚያግባቡባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለደንበኛው ጨርሶ አይታዩም። መደብር ውስጥ ይሸጥ የነበረ የኤልኢዲ አምፖል ዋጋ ኩባንያው ለአምራቹ ወይም ለሻጩ አስቀድሞ በከፈለው ድጎማ ቀንሶ ሊሆን ይችል ነበር። ጋራዥ ውስጥ ለበዓል መጠጥ ብቻ የሚቀመጠውን አሮጌ ሁለተኛ ፍሪጅ መጥተው የሚወስዱና ለባለቤቱ ገንዘብ የሚከፍሉ ኩባንያዎችም አሉ። ኤር ኮንዲሽነር ላይ መቆጣጠሪያ ተገጥሞ በጭንቅ ሰዓት ኩባንያው ከሩቅ ሆኖ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሥራውን እንዲያቀዘቅዝ የፈቀደ ደንበኛም በምትኩ ቅናሽ ያገኛል።

ፔፕኮና የባልቲሞሩ ቢጂኢ በበጋ የሚጠቀሙበት ሌላው መንገድ ደንበኛው ላልተጠቀመው ኃይል መክፈል ነው። ከባድ ሙቀት ሲጠበቅ ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ወይም በኢሜይል ማሳወቂያ ይመጣል፤ በተባለው ሰዓት ከወትሮው ያነሰ የተጠቀመ ቤት ለእያንዳንዱ ላልወሰደው ኪሎ ዋት ሰዓት 1.25 ዶላር ከሂሳቡ ይቀነስለታል። አራት ኪሎ ዋት ሰዓት የቀነሰ ቤት አምስት ዶላር ያገኛል፤ ያልቀነሰ አይቀጣም። ወትሮው ስንት እንደነበር የሚሰላው ግን ቆጣሪው ከዚያ በፊት በነበሩ ተመሳሳይ ቀናት ካነበበው ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቆጥቦ የሚኖረው አነስተኛ ቤት ብዙ የሚቀንሰው ነገር ስለሌለው የሚያገኘው ጥቂት ሲሆን፣ በተለመደው ቀን ኃይል የሚያባክነው ትልቅ ቤት ደህና ሽልማት ይወስዳል። ካሊፎርኒያ በ2001 በጋ ካለፈው ዓመት 20 በመቶ ለቀነሰ ሰው የሂሳቡን 20 በመቶ ስትመልስም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር።

ለደንበኛው ገንዘብ የማይከፈልበት መንገድ ከሁሉም ይገርማል። በካሊፎርኒያዋ ሳን ማርኮስ ከተማ የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት፣ ቤቶች የጎረቤቶቻቸው አማካይ ፍጆታ ስንት እንደሆነ ሲነገራቸው ከአማካዩ በላይ የነበሩት መቀነሳቸውን አሳየ። ከአማካዩ በታች የነበሩት ግን ጨመሩ፤ «ለካ ከሌላው የበለጠ ቆጥቤያለሁ» ብለው ዘና ያሉ ይመስላል። መልእክቱ ላይ ፈገግ ያለ ፊት ሲጨመር ይህ ጭማሪ ጠፋ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ኦፓወር የተባለ ኩባንያ ይህንኑ ሐሳብ ወደ የቤት ደብዳቤ ለውጦ ለአቅራቢዎች መሸጥ ጀመረ። ወደ 600,000 የሚጠጉ ቤቶችን ያካተተና በ2011 የታተመ ጥናት ደብዳቤው በአማካይ 2 በመቶ ያህል ፍጆታ እንደቀነሰ አረጋገጠ። ሁለት በመቶ ለአንድ ቤት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ወጪው ግን ወረቀትና ቴምብር ብቻ ነው፣ ቤቶቹም በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

ቁጠባን መለካት ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚለካው ያልሆነ ነገር ነው። ተመላሽ ገንዘብ ባይኖርም ያንኑ ፍሪጅ ሊገዛ የነበረ ሰው ገንዘቡን ከወሰደ ፕሮግራሙ ምንም አላዳነም፤ ማሞቂያው ርካሽ ስለሆነለት ቤቱን ከወትሮው ይበልጥ የሚያሞቅ ሰውም የተጠበቀውን ቁጠባ ይሸርፋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኦሪገኑ ሁድ ሪቨር፣ ቤቶችን ሙቀት እንዲይዙ የማደሱ ወጪ ለባለቤቶቹ ተከፍሎላቸው፣ ብቁ ከነበሩት ቤቶች 85 በመቶ ገደማ ተሳትፈው ነበር፤ በሰፈሩ ይህን ያህል ሰው ማሳመን መቻሉ ሲደነቅ፣ የተገኘው ቁጠባ ግን አስቀድሞ ከተሰላው በእጅጉ አነሰ። የካሊፎርኒያ የነፍስ ወከፍ ፍጆታ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአሥርታት እምብዛም አለመጨመሩ በየጊዜው ይጠቀሳል፤ ይሁንና የአየር ጠባይዋ፣ ውድ ታሪፏና የኢንዱስትሪዋ ዓይነት ድርሻቸው ስንት እንደሆነ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

ኢትዮጵያም ከዚህ አሠራር ውጭ አይደለችም። የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን በብዛት አስገብቶ በነባሮቹ አምፖሎች ምትክ ለደንበኞቹ አድሏል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810ም ስለ ኃይል ብቃት ይደነግጋል፤ የቤት ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምር ሆኖ የተዘጋጀ ነው። የድርጅቱ ስሌት ግን ከፔፕኮ ይለያል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ለረጅም ጊዜ ከወጪው በታች ሆኖ ስለቆየ፣ በቤት ውስጥ የተቆጠበ ኃይል ለሻጩ ኪሳራ ሳይሆን ለኢንዱስትሪ ወይም በውጭ ምንዛሪ ለጎረቤት አገር ሊሸጠው የሚችል ኃይል ነው። በአዲስ አበባ የጭንቅ ሰዓት ምክንያትም ኤር ኮንዲሽነር አይደለም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ የሰፈሩ ምጣዶች አንድ ላይ ሲጣዱ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጨነቃል። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት ማዘዋወር፣ ወይም ሙቀቱ ከሥሩና ከጎኑ የማያመልጥ ምጣድ ማስፋፋት፣ ለእንዲህ ያለ መረብ ከአምፖል የበለጠ ፋይዳ ሳይኖረው አይቀርም።

ወደ ሜሪላንድ ስንመለስ፣ የኤምፓወር ክፍያ ከባድ የሚሆነው በተከራይ ላይ ነው። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ፍሪጁንም ማሞቂያውንም አልመረጠም፤ የመረጣቸው አከራይ ደግሞ ሂሳቡን ስለማይከፍል ለመቀየር አይቸኩልም። ተከራዩ ግን ክፍያውን እንደማንኛውም ሰው በየወሩ ይከፍላል። ግዛቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የሚሰጠውን ነጻ የማሻሻያ ሥራ የሚያስተዳድረው በቤቶችና ማኅበረሰብ ልማት መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው፤ ቤቱ የተከራይ ሲሆን ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተከራይ ማመልከቻ ከመሙላቱ አስቀድሞ ከአከራዩ ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ ለአከራዩ የሚነገረውም ሥራው ያለ ክፍያ እንደሚሠራና ቤቱ የእርሱ ሆኖ እንደሚቀር ነው።