«ዳር ዳሩን ብቻ ነው የምዋኘው» እና ሌሎች የጣና ዳር ወሬዎች

ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ከጀልባዬ ሲወርድ ሸሚዙን አወለቀና በቁምጣ ቀረ። «ወዴት ነው?» አልኩት። «አይዞህ ወንድሜ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የምዋኘው» አለኝ። የሰጋሁት እንዳይሰምጥ መስሎታል።

ይህቺን «ዳር ዳሩን» በሳምንት ሦስት ጊዜ እሰማታለሁ። በዓል ሲሆን በቀን ሦስት ጊዜ። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ። መጀመሪያ ግን ትንንሾቹን ወሬዎች ልጨርሳቸው።

ጣና መጨረሻ የሌለው ጥልቅ ነው ይባላል። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። የሚያስደነግጠው ስፋቱ ነው፤ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ።

«አዞ! አዞ!» ብላችሁ የምትጮኹለት አርጃኖ ነው። ተዉት፣ ፀሐይ ይሙቅበት።

ጉማሬ ግን ቀልድ አይደለም። ወፍራም ስለሆነ ቀርፋፋ ነው ያለኝ ሰው አለ። የብስ ላይ ከእናንተ ይፈጥናል። ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ስለዚህ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ከመሸ በኋላ ዳርቻው ላይ አትንሸራሸሩ። በጉማሬና በውሃ መካከል ደግሞ በጭራሽ አትቁሙ።

ዘጌ ደሴት አይደለም፤ በመኪናም ይደረሳል።

«ጣና እኮ በእንቦጭ አለቀ፣ ምን ልታዩ ነው?» የሚሉም አሉ። አረሙ እውነት ነው፣ ጉዳቱም እውነት ነው። ግን የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ ሰው ሐይቁን ያያል።

«ጀልባ የሚጥመው ከሰዓት፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ነው።» ይህን የሚነግሯችሁ ጠዋት መነሳት የሰነፉ ጓደኞቻችሁ ናቸው። ጠዋት ሐይቁ ተኝቷል። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታታል፣ ከዚያ ግማሹ ተሳፋሪ ያስመልሰዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጃኬት ያዙ፤ ከተማዋ 1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ጠዋት ውሃው ላይ ይበርዳል። ላይፍ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ። ኮንትራት ከያዛችሁ ስንት ገዳም እንደሚያደርሳችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ ቀድማችሁ ጨርሱ። ደላላው «ችግር የለም» ካለ ችግር አለ።

«ሴት ጣና ገዳማት አትገባም» የሚለው ደግሞ ያሳዝነኛል። አንዴ ልጆቻቸው ገዳም ሊሄዱ ሲሉ ሻንጣ ጠባቂ አድርገው ጀልባ ማቆሚያው ላይ የተዉአቸው እናት አየሁ። ነጠላቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። «እማማ፣ ለምን አይሄዱም?» አልኳቸው። «ለሴት ክልክል ነው አሉኝ» አሉ። ክልክል የሆኑ አሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ዘጌ ያሉት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ክፍት ናቸው። እንጦስ ኢየሱስም እንዲሁ። ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን እኮ ያሠሩት ራሳቸው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው! እማማ ኪዳነ ምሕረትን ስጠራላቸው ሻንጣውን ለትልቁ ልጃቸው አስታቀፉትና ቀድመውኝ ጀልባ ላይ ወጡ።

አሁን ወደ «ዳር ዳሩ» ልመለስ።

ሰው ውሃ ሲፈራ ጥልቁን ይፈራል። ጣና ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መሃሉ ላይ የሚያሰጋው ማዕበል ነው። ዳሩ ላይ ግን ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። ዝናብ ጠርጎ ሐይቅ ያስገባዋል። ከዓይነ ምድሩ ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። ቀንድ አውጣዋ የት ነው የምትኖረው? ቄጠማና አረም ባለበት፣ ውሃው በተኛበት። ማለትም ዳር ዳሩን። ከእሷ በዓይን የማይታዩ ትሎች በብዛት ይወጣሉ። የሚበዙት ደግሞ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ፀሐዩ ሲበረታ ነው። እናንተ ለመንቦጫረቅ የምትመርጡት ሰዓት ማለት ነው። ቁስል አያስፈልጋቸውም። ጤነኛውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ አልፈው ይገባሉ።

ስለዚህ «ውሃውን ካልጠጣሁት ምን ያደርገኛል?» አትበሉኝ። «ወዲያው በፎጣ እደርቃለሁ»ም አያስተማምንም። «ውሃው ጥርት ያለ ነው»? ትሉ ጥርት ያለ ውሃ አይጠላም።

«የሰፈሩ ልጆች ይዋኙ የለ እንዴ?» ይህቺኛዋ ደሜን ታፈላዋለች። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ዘልዬ እገባ ነበር። አምስተኛ ክፍል ሆኜ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ከዚያ ሰገራዬ ላይ ደም አየሁ። አፍሬ ለወር ያህል ደበቅኩት። ለእናቴ የነገርኳት ቀን «ትል ነው» ብላ ፌጦ በሎሚ አጠጣችኝ። ትልስ ትል ነበር። ግን የሚኖረው የአንጀት ደም ሥር ውስጥ ነው፤ ፌጦ እዚያ አይደርስም። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሰገራዬ ታየና ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ተሰጠኝ። ምሬቱ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። በኋላ ትምህርት ቤት ለሁላችንም ሲታደል፣ መጠኑን ለማወቅ ቁመታችንን በእንጨት እየለኩ ሲሰጡን፣ እኔ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ተደብቄ ነበር። እኔ እንኳ ዳንኩ። ሳይታከም ዓመታት የቆየ ሰው ጉበቱ ይጎዳል።

አንዲት ደንበኛዬ ደግሞ «ዛንዚባር፣ ኑንጉዊ፣ ሳምንት ሙሉ ዋኝቼ ምንም አልሆንኩም» አለችኝ። አትሆኚማ! ኑንጉዊ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ውሃው ጨው ነው፣ ቀንድ አውጣዋ እዚያ አትኖርም። ዛንዚባርም ቢልሃርዚያ አለ፤ ያለው ግን ጅረትና ኩሬ ውስጥ ነው። ጣና ጨው የለውም። ከተማው ባሕር ዳር ስለተባለ ሐይቁ ባሕር አይሆንም።

መዋኘት ካማራችሁ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ጀልባ ላይ ውሃ ቢረጫችሁ ጥረጉትና እለፉት፣ አትደንግጡ። ገብታችሁ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ሮጣችሁ አትመርመሩ፤ እንቁላሉ ሰገራ ላይ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ። ከዚያ በፊት ካተኮሳችሁ ግን አትጠብቁ። ለሐኪሙም ጣና መዋኘታችሁን ንገሩት፤ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል?

የቅዳሜው ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሸሚዙን መልሶ ለበሰ። ዳር ካለችው ዓሣ ቤት ቁጭ አልን። «ዓሣውስ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓሣ በመብላት አይያዝም» አልኩት። ሁለት ጥብስ ብቻውን ጨረሰ። እጁን ግን ከቧንቧው ሸሽቶ በሃይላንድ ታጠበ።